ላፕቶፕ ሲግል፦ ሙቀቱ የታገደበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ

ላፕቶፑ ጋለ፣ ፋኑ ጮኸ፣ ሥራው ተጎተተ ሲባል የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ከሁለት አይወጣም፤ «ፎርማት አስደርገው» ወይም «ፋን ያለው ማስቀመጫ ግዛለት»። ፎርማት የሚፈይደው ሙቀቱን ያመጣው ፕሮግራም ከሆነ ነው። ማስቀመጫውም የሚረዳው ከሥሩ በቂ አየር ላጣ ማሽን ነው። ውስጡ በአቧራ የተደፈነ ወይም ፔስቱ (ሙቀቱን ከቺፑ ወደ መዳቡ የሚያሻግረው ቅባት) የደረቀ ላፕቶፕ ሁለቱም ተደርገውለት በሳምንቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ባለቤቱም «አርጅቷል» ብሎ ተስፋ ይቆርጥበታል። ብዙዎቹ እንዲህ የሚጣሉ ወይም በርካሽ የሚሸጡ ማሽኖች ግን ሙቀቱ የታገደበት ቦታ ቢታወቅ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ናቸው።

ስለዚህ ማንኛውም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚወጣ፣ የቱ ጋ እንደቆመ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለመለየት የላፕቶፑን ሽፋን መፍታት እንኳ አያስፈልግም።

ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀጫጭን የቢሮ ላፕቶፖች ውስጥ የምናገኘው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ያለማቋረጥ 15 ዋት ገደማ እንዲወስድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለጌም በተሠሩት ውስጥ ያለው ደግሞ 45 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሙቀቱ ከትንሿ ቺፕ ላይ በቴርማል ፔስት አልፎ ወደ መዳብ ሳህን ይገባል። ቺፑም መዳቡም ለዓይን ልሙጥ ይምሰሉ እንጂ ሲገጣጠሙ በመሃላቸው አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ይቀራሉ፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። የፔስቱ ሥራ እነዚያን ክፍተቶች መሙላት ነው።

ከሳህኑ ቀጥሎ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ አለ፤ ሂት ፓይፕ ይባላል። ከውጭ ሲያዩት ድፍን መዳብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ አለበት። ፈሳሹ በሞቀው ጫፍ ይተንና ሙቀቱን ይዞ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል፤ እዚያ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በዚያ ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ስስ የብረት ክንፎች ተደርድረዋል። ፋኑ ከሥር የሳበውን አየር በክንፎቹ መካከል እየገፋ በጎን ወይም በጀርባ በኩል ያስወጣዋል። ሙሉው መንገድ ይኸው ነው፤ ፔስት፣ መዳብ ሳህን፣ ቱቦ፣ ክንፎች፣ ፋን፣ ከዚያ የክፍሉ አየር።

ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው የሚያሳስበው?

የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው የሙቀት ጣሪያ አላቸው። በአብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የኤኤምዲ ራይዘን እንደ ሞዴሉ ከ95 እስከ 105 ይደርሳል። ቺፑ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ላፕቶፑ በድንገት መንቀርፈፍ የሚጀምረው ያኔ ነው። መቀነሱ ካልበቃ ማሽኑን ያጠፋዋል።

ምንም ሳይሠራ የተከፈተ ላፕቶፕ ከ40 እስከ 55፣ ድረ ገጽና ጽሑፍ ሲሠራበት ከ50 እስከ 70፣ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ከ80 እስከ 95 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ፕሮግራም ሲከፈት ለአንድና ለሁለት ሰከንድ 90 ነክቶ መመለስ በአዲስ ማሽንም ያጋጥማል፤ ያ አያስደነግጥ። የሚያሳስበው ቀላል ሥራ ላይ ከ85 በላይ ቆሞ የሚቀር፣ ወይም ምንም ሳይሠራ ከ65 የማይወርድ ማሽን ነው።

በእጅ ዳስሶ መፍረድ ግን ያሳስታል። የብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ ሙቀቱን ቶሎ ለእጅ ስለሚሰጥ ከፕላስቲኩ የባሰ የጋለ ይመስላል። በተቃራኒው ደግሞ ፔስቱ የደረቀ ላፕቶፕ ቺፑ 100 ዲግሪ ላይ ሆኖ ገላው ለብ ብሎ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ቺፑ ላይ ቀርቷልና። ላዩ ስለቀዘቀዘ ብቻ «ደህና ነው» የተባለ ማሽን ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚቀረው በዚህ የተነሣ ነው።

በሃያ ደቂቃ የሚደረግ ምርመራ

ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። አንደኛው ኤችደብሊውኢንፎ ነው፤ ሲከፈት «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ። ከረጅሙ ዝርዝር የሚፈለጉት ሦስት መስመሮች ናቸው፦ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ፓኬጅ ሙቀት፣ ሲፒዩ ፓኬጅ ፓወር የሚለው በዋት የሚቆጠረው፣ እና ቴርማል ትሮትሊንግ (ቺፑ በሙቀት የተነሣ ፍጥነቱን መቀነሱ) ከሚለው አጠገብ «የስ» ወይም «ኖ» የሚለው። በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ የመስመሮቹ ስም ትንሽ ይለያያል፤ ቁም ነገሩ ግን ያው ነው። ሁለተኛው ሰቨን ዚፕ ነው፤ ፋይል ለመጠቅለል ብዙ ሰው አስቀድሞ ጭኖታል። «ቱልስ» ከሚለው ማውጫው ውስጥ «ቤንችማርክ» የሚል አለ፤ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ሥራ ያስይዘዋል። መጠኑ ከ2 ሜጋባይት ስለማይበልጥ ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በሆነበት ቦታ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም።

ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ቻርጀር ይሰኩ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ10 ደቂቃ ምንም ሳይነኩት ይተዉት። ሙቀቱንና ዋቱን ይጻፉ። ከዚያ ቤንችማርኩን አስጀምረው ለ10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ካቆመ እንደገና ያስጀምሩት። በዚህ መሃል መዳፍዎን አየር በሚወጣበት በኩል ይያዙ። በመጨረሻ ቤንችማርኩን አቁመው ሙቀቱ እንዴት እንደሚወርድ ይመልከቱ። መልሱ ያለው በሦስት ነገር ላይ ነው፦ ሙቀቱ በምን ፍጥነት ወጣ? የሚወጣው አየር ምን ይመስላል? ሲቆምስ በምን ፍጥነት ወረደ?

ሙቀቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ 95 ዘሎ ከገባ፣ እዚያው ከቆመ፣ ዋቱ ግን ወደ 7 ወይም 8 ከወረደ፣ የሚወጣውም አየር ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሲያቆሙት ደግሞ በሁለት ሰከንድ 30 ዲግሪ ከወረደ፣ መንገዱ የተዘጋው መጀመሪያው ላይ ነው። ሙቀቱ ቺፑን ለቅቆ ወደ መዳቡ አልተሻገረም፤ ክንፎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ይህ የደረቀ ፔስት ወይም በደንብ ያልተጫነ ሂት ሲንክ (ሳህኑ፣ ቱቦውና ክንፎቹ በአንድ ላይ) ነው። እኩል ሥራ በተሰጣቸው ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) መካከል ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ልዩነት ካዩ ፔስቱ በአንድ ወገን መሳሳቱን ይጠርጥሩ።

ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ከወጣ፣ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ የሚወጣው አየር ትኩስ ግን ደካማ ከሆነ፣ ካቆሙትም በኋላ ለመብረድ ብዙ ደቂቃ ከፈጀ፣ ፔስቱን ይተዉት። ሙቀቱ ክንፎቹ ድረስ ደርሷል፤ የሚጠርገው አየር ነው የጠፋው። አቧራ ነው።

ፋኑ ጭራሽ ካልተሰማ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ጉዳዩ የፋኑ ነው። 15 ዋት የተባለው ፕሮሰሰር 15 ዋቱን ሳይቀንስ ከ90 በታች ከያዘ ደግሞ ላፕቶፑ ምንም አልሆነም፤ ከፍቶ መነካካት አያስፈልግም።

አንድ ጉዳይ አለ። ማሽኑ በድንገት እየጠፋ ግን ከመጥፋቱ በፊት ሙቀቱ 70 አካባቢ ከነበረ፣ ምክንያቱ ሙቀት አይደለም። በዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር (ማሽኑ ያጋጠመውን የሚመዘግብበት) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን አይተው የሙቀት ማስረጃ ነው የሚሉ አሉ፤ ያ መልእክት የሚናገረው ማሽኑ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ባትሪው፣ ቻርጀሩ ወይም የቻርጀሩ ሶኬት ይታይ።

ሥራ ሳይሰጡት የሚግል ላፕቶፕ

ምንም ባልተሠራበት ሰዓት ባለ 15 ዋቱ ፕሮሰሰር ከ2 እስከ 5 ዋት ነው የሚወስደው። 12 ወይም 15 ዋት እየወሰደ ከሆነ ከጀርባ የሚሠራ ነገር አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ሲፒዩ የሚለውን ርእስ ሲጫኑ ብዙ የሚበላው ከላይ ይመጣል። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ነው፤ «ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር» ዝማኔ የሚጭነው ነው። ሁለቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ ጸጥ ይላሉ፤ መብራት ወይም ኢንተርኔት በመሃል እየተቆራረጠ ከሆነ ግን ቀናት ይጓተታሉ። ቻርጀር ተሰክቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አንድ ሌሊት በርቶ ይደር፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያበቃል።

ክሮም ከላይ ከወጣ፣ ክሮም ውስጥ ሆነው ሺፍትና ኤስኬፕን ይጫኑ፤ የራሱ ታስክ ማኔጀር አለው፤ የትኛው ገጽ ወይም የትኛው ኤክስቴንሽን እንደሚበላ በስም ያሳያል።

ዩቲዩብ ሲከፈት ብቻ የሚግል ላፕቶፕም አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በገበያችን በብዛት የሚሸጡትን ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ይመለከታል። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን በአብዛኛው ቪፒ9 እና ኤቪ1 በሚባሉ አጨማመቆች ይልካል። ፕሮሰሰሩ እነዚህን የሚፈታ የተለየ ክፍል ካለው ሥራው ቀላል ነው፤ ከሌለው ግን ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበቱ ይፈታቸዋል፤ ያኔ ይግላል። በኢንቴል ቪፒ9ን ሙሉ በሙሉ በዚያ ክፍል መፍታት የመጣው ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ኤቪ1 ደግሞ ከ11ኛው። የ4ኛና የ5ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ይዘው በ1080 ጥራት ቪዲዮ የሚያዩ ከሆነ ፋኑ ቢጮኽ ብልሽት አይደለም። ወደ 720 ዝቅ ያድርጉት፣ ወይም ኤች264ፋይ የተባለውን የብራውዘር ኤክስቴንሽን ይጫኑ፤ ዩቲዩብ ኤች.264 የተባለውን የቀድሞ አጨማመቅ እንዲልክ ያደርገዋል፤ ያንን አሮጌዎቹም ፕሮሰሰሮች በቀላሉ ይፈቱታል። ለውጡ ወዲያው በዋቱ ላይ ይታያል።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ወይም የዊንዶውስ አክቲቬተር ይዞት የገባ፣ በእርስዎ ኤሌክትሪክ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ለሌላ ሰው የሚያመርት ድብቅ ፕሮግራም። አንዳንዶቹ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ሥራቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ ፋኑ ሲጮኽ ቆይቶ ታስክ ማኔጀሩን ሲከፍቱ ጸጥ ካለ፣ ሲዘጉት እንደገና ከጀመረ ይጠርጥሩ። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ከስካን ኦፕሽንስ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ይምረጡ፤ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፎርማት ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም ያንኑ ክራክ ከዚያው ፍላሽ መልሰው ካልጫኑት።

ክዳኑን ዘግተው ቦርሳ ውስጥ ከተው ሲያወጡት የሚፋጅ ላፕቶፕስ? አዳዲስ ማሽኖች ክዳናቸው ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይተኙም፤ ከኢንተርኔት እንደተገናኙ ይቆያሉ፤ አንዳንዴም ቦርሳ ውስጥ ሆነው ዝማኔ መጫን ይጀምራሉ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «ቹዝ ዋት ክሎዚንግ ዘ ሊድ ደዝ» ውስጥ ገብተው «ሃይበርኔት» (የተከፈተውን ሥራ አስቀምጦ የሚጠፋበት) ያድርጉት። አማራጩ ካልታየ እዚያው አጠገብ ካለው «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ውስጥ ሃይበርኔትን አስቀድመው ያብሩት።

ጥገናው እስኪደርስ ማሽኑን በርዶ ማቆየት ከፈለጉ አንድ ቅንብር አለ። በፓወር ኦፕሽንስ የላቁ ቅንብሮች ውስጥ «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት»፣ ከሥሩ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ያድርጉ። አንድ በመቶ መቀነሱ ቱርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ያጠፋዋል። ለምሳሌ ኮር አይ5 8250ዩ መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ሲሆን በቱርቦ እስከ 3.4 ይደርሳል። ቱርቦ ሲጠፋ ማሽኑ ይዘገያል፤ ሙቀቱም በግልጽ ይወርዳል። ለጽሑፍና ለኢሜይል ይበቃል። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ይህ መስመር ተደብቋል፤ በእነሱ ላይ ከሴቲንግስ «ፓወር ሞድ»ን «ቤስት ፓወር ኤፊሸንሲ» ላይ ያድርጉ።

የክፍሉ አየርና ከፍታው

አልጋ፣ ሶፋና ብርድ ልብስ ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው የኪቦርድ ሽፋን ነው። ብዙ ላፕቶፖች የተወሰነውን አየር በቁልፎቹ መካከል ይስባሉ፤ ከላይ የሚለበሰው ስስ ፕላስቲክ ያንን ይዘጋል። የኋላ እግሩን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ በመጽሐፍም ይሁን በእንጨት፣ መግቢያውን እስካልሸፈነ ድረስ ፋን ካለው ማስቀመጫ ብዙም የማያንስ ለውጥ ያመጣል።

የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የቺፑም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 78 ላይ የሚሠራ ላፕቶፕ ሰመራ ወይም ጋምቤላ በ38 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ወደ 96 ይጠጋል፤ ምንም ሳይበላሽ። እዚያ ለሚሠራ ሰው ባለ 99 በመቶው ቅንብር ጊዜያዊ መፍትሔ ሳይሆን ቋሚ ቅንብር ቢሆን ይሻላል።

ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አምራቾቹ ይህን ያውቃሉ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ መመሪያዎች እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ድረስ ማሽኑ በ35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ መሥራት እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ግን ጣሪያው 31.3 ዲግሪ መሆኑን ይጽፋሉ። የቦሌ ሜዳ ከዚያ መስመር በታች ነው፤ እንጦጦና ደብረ ብርሃን ከዚያ በላይ ናቸው። የደጋው ብርድ ጉድለቱን አብዛኛውን ጊዜ ይክሰዋል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት፣ በቆርቆሮ የተሠራ ቢሮ ውስጥ ግን አይክሰውም።

ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ውስጥ ማስገባት፣ በረዶ ወይም እርጥብ ጨርቅ ከሥር ማድረግ ፈጽሞ አይደረግም። የቀዘቀዘ ብረት ላይ የአየሩ እርጥበት ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ውሃው ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል።

አቧራውን ማውጣት

በአየር ማውጫው በኩል ብቻ ብሎወር (አየር መንፊያ) መንፋት የመጀመሪያው ርምጃ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም። አቧራው የሚጠራቀመው በፋኑና በክንፎቹ መካከል፣ ከውስጥ በኩል ነው። ከልብስ የሚረግፈው የክር ጭረትና ብናኙ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ክንፎቹን ይሸፍናሉ፤ ከውጭ ሲነፋ ከክንፎቹ ይላቀቅና ወደ ፋኑ ይመለሳል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል።

ለመክፈት የሚያስፈልገው ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ (ቁጥር 0፣ ለአንዳንዶቹ ቁጥር 00)፣ አሮጌ የኤቲኤም ካርድ፣ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና ነጭ ወረቀት ነው። ሺፍትን ይዘው «ሻት ዳውን» ይበሉ፤ እንዲህ ካልሆነ ዊንዶውስ ግማሽ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ቻርጀሩን ይንቀሉ። በወረቀቱ ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሥለው እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ረጅም ብሎን አጭሩ ቦታ ላይ ሲታሰር ከላይ ያለውን ገላ ወይም ማዘርቦርዱን ይወጋል። አንዳንድ ብሎኖች በጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቀው ይገኛሉ። ሽፋኑ አልላቀቅ ካለ ጉልበት ከመጨመር በፊት የቀረ ብሎን ይፈልጉ። ከዚያ ካርዱን በጠርዙ አስገብተው ክሊፖቹን አንድ በአንድ ያላቅቁ።

ሽፋኑ እንደተነሣ መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ሶኬት ነው፤ ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ራሱን ይዘው። ከዚያ ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የቀረ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሹራብዎን አውልቀው፣ ማዘርቦርዱን ከመንካትዎ በፊት አንድ ብረት ነገር ይንኩ። ፋኑ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ነው የታሰረው፤ ብቻውን ከወጣ ያውጡት፤ ጭረቱ የተጠራቀመበትን ቦታ በዓይንዎ ያያሉ። በብሩሽና በእጅ ይለቀማል፣ የቀረው ይነፋል።

ብሎወር ሲነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ወይም በስቴኪኒ ይያዙ። ሳይያዝ የሚነፋ ፋን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል፤ መሐሉ ይላላል፣ ከዚያ በኋላ መንጫጫት ይጀምራል። ጥገና ቤት ውስጥ ፋኑን ለቅቀው እያስጮኹ ሲነፉ ካዩ እንዲይዙት ይጠይቁ።

ፔስት መቀየር

ምርመራው ወደ ፔስት ካላመለከተ ሂት ሲንኩን አያንሡት። አንዴ ከተነሣ ፔስቱ የግድ መቀየር አለበት፤ የተላቀቀ ፔስት መልሶ አይገጥምም። ከ4 እና ከ5 ዓመት በላይ ባገለገለ ማሽን ላይ ግን መቀየሩ አያስቆጭም። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ወጥተው የሚመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ በወጡበት ፔስት ነው የሚሸጡት።

ሂት ሲንኩ ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ተቀርጿል። ሲፈቱ ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መጀመሪያው፣ ሲያስሩ ከ1 ጀምሮ፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ከማጥበቅ ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ሳህኑ ያዘነብላል፣ ቺፑም ጠርዙ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በላፕቶፕ ላይ ቺፑ ምንም መከላከያ ክዳን የለውምና። ሂት ሲንኩ አልነሣ ካለ ከመጎተት በፊት ብሎኖቹንና ባትሪውን መልሰው ገጥመው ማሽኑን ለ5 ደቂቃ ሥራ ላይ ያቆዩ፤ ፔስቱ ሲለሰልስ አጥፍተው፣ ባትሪውን ነቅለው እንደገና ይሞክሩ።

አሮጌውን ፔስት ለማንሣት 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይመረጣል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ነው፤ ሌላ ከጠፋ ጨርቁን ጥቂት ብቻ አርጥበው ይጠቀሙና በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። አሴቶን፣ ሽቶና ቤንዚን አይሞከሩም። በቢላ ወይም በካቻቢቴ አይፋቅ።

አዲሱ ፔስት የምስር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይደረግና በካርዱ ጫፍ ቺፑ በሙሉ በስሱ እስኪሸፈን ይሳባል። በላፕቶፕ ላይ ጥግ ሳይሸፈን መቅረቱ ትንሽ ከመብዛቱ ይብሳል። 1 ግራም የያዘች ትንሽ ሲሪንጅ ከአንድ ላፕቶፕ በላይ ትበቃለች። የጥርስ ሳሙና በውስጡ ያለው ውሃ በቀናት ውስጥ ስለሚደርቅ ከምንም አይቆጠርም። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በውስጡ ያለው ጋሊየም ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል።

ከቺፑ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ክፍሎች ላይ ለስላሳ ጎማ የመሰሉ ቁራጮች ታገኛላችሁ፤ ቴርማል ፓድ ናቸው። ውፍረታቸው 0.5፣ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለቦታው ተለክቶ የተሠራ ነው። ካልተቀደዱ እዚያው ይቆዩ። ወፍራም ፓድ ከገባ ሳህኑን ከቺፑ ላይ ያነሣዋል፤ ፔስቱ አዲስ ሆኖ ሙቀቱ ከበፊቱ ብሶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በፓድ ቦታ ፔስት መቀባትም ክፍተቱን አይሞላም።

ፋን

አንዳንድ አምራቾች የፋኑን ችግር ራሳቸው ይናገራሉ። ኤችፒ ሲነሣ «90ቢ» የሚል የፋን ስሕተት ያወጣል፤ ቲንክፓድ «ፋን ኤረር» ብሎ ይጠፋል። ዴል ላይ ሲነሣ ኤፍ12ን ተጭነው «ዳያግኖስቲክስ»ን ሲመርጡ ፋኑን አሽከርክሮ ይፈትሸዋል፤ ኤችፒ ላይ በኤፍ2 ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ በደንብ መሰካቱን ይዩ፤ ከጽዳት በኋላ የሚመጣ የፋን ስሕተት አብዛኛው ከዚህ ነው። የሚንጫጫ ፋን ዘይት ቢጠጣ ለጥቂት ሳምንት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሲገዙ በፋኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ ሁለት ፋን ባላቸው ማሽኖች የግራውና የቀኙ አይቀያየሩም።

ከ2020 ወዲህ የወጡት የአፕል ቺፕ ያላቸው ማክቡክ ኤሮች ጭራሽ ፋን የላቸውም። ሲሞቁ ፍጥነት መቀነሳቸው አሠራራቸው ነው።

ባትሪው ሲያብጥ

ሙቀት ከቺፑ ይልቅ የሚጎዳው ባትሪውን ነው። ማውዝ ፓዱ ከፍ ካለ ወይም አልጫን ካለ፣ የታችኛው ሽፋን ከተለጠጠ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተንገዳገደ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፣ ማሽኑን ያጥፉ፣ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ እሳትም ሆነ ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት። አውጥቶ የሚቀይረው ሙያተኛ ይሁን። ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያድርጉት፤ በሌኖቮ በቫንቴጅ፣ በአሱስ በማይአሱስ፣ በዴልና በኤችፒ በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ይገኛል። የባዮስ ዝማኔ ሲጭኑ ግን ባትሪው የሚይዝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መብራት በመሃል ከሄደ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል።

ሁሉም ተደርጎ ሙቀቱ ካልወረደ

ከጽዳቱና ከፔስቱ በኋላ ያንኑ የሰቨን ዚፕ ምርመራ ይድገሙ። ጥገና ቤት ከሰጡትም ከመስጠትዎ በፊት የነበረውን ሙቀትና ዋት ጽፈው ይውሰዱ፣ ሲረከቡ እዚያው ያስለኩ። በሙቀቱ ብቻ አይፍረዱ፤ ድሮ በ95 ዲግሪ 8 ዋት ይይዝ የነበረ አሁን በ88 ዲግሪ 15 ዋት ከያዘ ሥራው በደንብ ተሠርቷል።

ፔስቱ አዲስ፣ ክንፎቹ ንጹሕ፣ ፋኑም ጤነኛ ሆኖ ቺፑ አሁንም 100 ከደረሰ፣ የሚወጣውም አየር ቀዝቃዛ ከሆነ የቀረው ሂት ፓይፑ ነው። ቱቦው የታጠፈበት ወይም የተጨፈለቀበት ቦታ ካለ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወጥቷል ወይም መንገዱ ተዘግቷል፤ አይጠገንም። የሚቀየረው ሂት ሲንኩ ከነቱቦው ነው። ስሙ አንድ የሆነ ላፕቶፕ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ያለውና የሌለው ሊሆን ስለሚችል፣ የሁለቱም ሂት ሲንክ ስለሚለያይ፣ በላፕቶፑ ስም ሳይሆን በአሮጌው ሂት ሲንክ ላይ በተጻፈው ቁጥር ይፈልጉ።